የዕቁብ ብራችሁን በካሜራ አትጨርሱት

ይሄ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡና ላይ ያላችሁም፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ያላችሁም ታገሱና አንብቡት። ፊልም የመሥራት ሐሳብ የሌለው ሰው ሊያልፈው ይችላል። ፊልም የሚመኝ ታናሽ ወንድም ወይም እህት ያለው ግን ባያልፈው ይሻላል፤ ብሩ የሚወጣው ከቤት ነውና።

እንድጽፍ ያስገደዱኝ ነገሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው በየጊዜው ኢንቦክስ የሚገባልኝ ጥያቄ ነው፦ «ቲቸር፣ ዕቁብ ሊደርሰኝ ነው፤ የቱን ካሜራ ልግዛ?» ሁለተኛው ሰሞኑን ያየሁት የወጣቶች አጭር ፊልም ውድድር ማስታወቂያ ነው። መስፈርቱ ላይ ፊልሙ በፕሮፌሽናል ካሜራና በ4ኬ የተቀረጸ መሆን አለበት ይላል። ስለ ታሪኩ አንድ መስመር፣ ስለ ድምፁ ምንም፣ ስለ ካሜራው ሦስት መስመር። አዘጋጁን በስም አልጠራም፤ ነገሩ የአንድ አዘጋጅ ብቻ ስላልሆነ ስም መጥራቱ አይጠቅምም።

ጥያቄውና መስፈርቱ የአንድ በሽታ ሁለት ምልክቶች ናቸው። በሽታው «መጀመሪያ ካሜራ» ይባላል።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ገንዘብ ለሌለውና ፊልም መሥራት ለሚጀምር ልጅ ካሜራ መጨረሻ ላይ የሚገዛ ዕቃ ነው። ከድምፅ በኋላ፣ ከመብራት በኋላ፣ ከትራይፖድ በኋላ፣ ከተዋናዮቹ ምሳና ከታክሲያቸው በኋላ። ካሜራ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል ነው የምለው፤ ይሄ የተገለበጠ ቅደም ተከተል ደግሞ ብዙ ልጆችን ብራቸውንም ፊልማቸውንም አሳጥቷል።

«አንተ ማን ነህና?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት ነው፣ የፊልም ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። በዲፕሎማ የማስተምር የፊዚክስ መምህር ነኝ። ግን የትምህርት ቤታችንን ሚኒ ሚዲያ ክበብ ይዤ ዓመታት ቆይቻለሁ፤ ልጆቹ ቀርጸው የሚያመጡትን ድራማ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ታዲያ ከአሥሩ ሥራ በዘጠኙ የሚበላሸው ሥዕሉ አይደለም።

መጀመሪያ ይህን 4ኬ የሚሉትን ነገር እንፍታው። ፉል ኤችዲ ማለት 1920 በ1080 ፒክስል ነው። 4ኬ የሚባለው በአብዛኛው 3840 በ2160 ነው። አባዙት፣ ልክ አራት እጥፍ ይመጣል። አራት እጥፍ ፒክስል ግን አራት እጥፍ ውበት አይደለም። አሪ የሚባለው የጀርመን ኩባንያ በ2010 እ.ኤ.አ. አሌክሳ የተባለችውን ዲጂታል የሲኒማ ካሜራ አወጣ። ያቺ ካሜራ 4ኬ አልነበረችም፤ 2.8ኬ አካባቢ ነበረች። ሁጎ፣ ላይፍ ኦፍ ፓይ፣ ግራቪቲ፣ በርድማን በዋናነት የተቀረጹት በአሌክሳ ካሜራዎች ነው፤ አራቱም በተከታታይ ዓመታት የሲኒማቶግራፊ ኦስካር ወስደዋል። እነዚህ ሰዎች እኛ ሰፈር ውድድር ቢመጡ «ካሜራችሁ ደረጃውን አያሟላም» ተብለው ከበር ይመለሱ ነበር ማለት ነው።

ደግሞ ካርቶኑ ላይ «4ኬ» ተብሎ ስለተጻፈ ያ ያሰብከው 4ኬ ነው ማለት አይደለም። ካኖን ኤም50ን ውሰዱ። 4ኬ ይቀርጻል፣ አዎ። ግን 4ኬ ላይ ስታደርገው ሥዕሉን ከዳር እስከ ዳር ይቆርጥብሃል፤ ሰፊ የነበረው ሌንስ ይጠብባል። ያ የተወደሰለት ፈጣን ፎከሱም 4ኬ ላይ አይሠራም። ስለዚህ የገዛው ልጅ ሁሉ ሦስት ቀን ሞክሮ ወደ ፉል ኤችዲ ይመለሳል። የከፈለው ግን ለ4ኬ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ሰንሰለት አስቡት። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይበላል። ባለ 64 ጊጋ ካርድህ አንድ ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ያልቃል። በሴኮንድ 24 ሜጋቢት የሚቀርጽ ፉል ኤችዲ ግን በሰዓት 11 ጊጋ አካባቢ ነው። ፋይል ደግሞ ሁለት ቦታ ካልተቀመጠ እንደሌለ ቁጠሩት፤ ስለዚህ ሁሉንም በሁለት አባዙ። ከዚያ ላፕቶፑ አለ። ያቺ ለአሳይመንት የተገዛች ላፕቶፕ 4ኬ ስትጭንባት ትጮሃለች፣ ትግላለች፣ ትቆማለች። አሁን ደግሞ ልጁ ላፕቶፕ ሊገዛ ነው። ካሜራ ብቻ ነበር እኮ የገዛው!

ይህን ሁሉ ከፍሎ የሠራውን ፊልም ተመልካቹ የት ያየዋል? ዩቲዩብ ላይ፣ በስልክ፣ ፓኬጅ እንዳያልቅበት ጥራቱን 360 ላይ አውርዶ። እኔም እንደዚያ ነው የማየው፤ እናንተም እንደዚያው። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» የሚባለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሌላኛው ወገን ልዙር፤ እነሱንም አላልፋቸውም። «ስልክ ይበቃል! ታንጀሪን በአይፎን አይደል የተሠራው? ወጥታችሁ ቅረጹ!» የሚሉት። ንግግራቸው ደስ ይላል፣ ልጆቹንም ያነሣሣል። ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚናገሩት።

ታንጀሪን የሾን ቤከር ፊልም ነው፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ሰንዳንስ ላይ ታየ። በአይፎን 5ኤስ መቀረጹ እውነት ነው። ያልተነገራችሁ ቀሪው ነው። ስልኩ ላይ ሥዕሉን የሲኒማ ስፋት የሚሰጥ ልዩ ሌንስ ተገጥሞ ነበር። እንዳይንቀጠቀጥ የሚይዘው መሣሪያ ነበረው። ብርሃኑንና ፎከሱን በእጅ የሚቆልፍ በገንዘብ የተገዛ አፕ ነበረው። ድምፁ በስልኩ አልተቀዳም፤ የድምፅ ባለሙያ በራሱ መሣሪያ ነው የቀዳው። ቀለሙም ቁጭ ተብሎ ተሠርቷል። የፊልሙ በጀት 100 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። ስልኩ ከዚያ ውስጥ ስንት ነው?

ከወዲያኛው ጫፍ ደግሞ ዘ ክሪኤተርን እዩ። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ 80 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የፈሰሰበት የሳይንስ ልቦለድ ፊልም ነው። የተቀረጸው በሶኒ ኤፍኤክስ3 ነው፤ ገበያ ላይ ሲወጣ ዋጋው 4 ሺህ ዶላር የማይሞላ ካሜራ። ሀብታም የሠርግ ቀራጭ ሊገዛው የሚችል ማለት ነው። 80 ሚሊዮኑ የት ገባ ታዲያ? ሰው፣ ቦታ፣ መብራት፣ ድምፅ፣ ከቀረጻ በኋላ ያለው ሥራ ላይ።

የ100 ሺውም የ80 ሚሊዮኑም ፊልም የሚነግረን አንድ ነገር ነው፦ ካሜራው የበጀቱ ትንሹ ክፍል ነው። እኛ ጋ ሲደርስ ይገለበጣል። ከአሥሩ ብር ዘጠኙ ካሜራ ላይ ይውላል፣ አንዷ ለሜሞሪ ካርድ፣ ለድምፅ ዜሮ። ስለዚህ «ትልቅ ካሜራ ግዛ» የሚለውም «ስልክ ይበቃል» የሚለውም የሚያወሩት ስለ አንድ ዕቃ ነው። ሁለቱም ዓይናቸውን ካሜራው ላይ ተክለው ነው የሚጣሉት።

አሁን ወደ ድምፅ እንምጣ፤ የኔ ዋና ጠብ እዚህ ላይ ነው።

አማርኛ የመጥበቅና የመላላት ቋንቋ ነው። «ይመታል» ስል ላልቶ ሲነበብ ሰውየው መቺ ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ ተመቺ ነው። ፊደሉ አንድ፣ ትርጉሙ ተቃራኒ። «ገና» ላልቶ «ጊዜው አልደረሰም» ነው፤ ጠብቆ በዓል ነው። «አለ» ላልቶ «ተናገረ» ነው፤ ጠብቆ «ይገኛል» ነው። ልዩነቱን የምትሰማው አፍ ውስጥ ባለች ቅንጣት ጊዜ ነው። ያቺ ቅንጣት በባጃጅ ጩኸትና በክፍል ማስተጋባት ስትዋጥ፣ የአክሽን ፊልምህ ላይ ማን ማንን እንደሚመታ እንኳ አይታወቅም! ቀልዳችን፣ ሽሙጣችን፣ ሰምና ወርቃችን ሁሉ በዚህች በመጥበቅና በመላላት ላይ የቆመ ነው። ሥዕል ቢደበዝዝ ተመልካች ይታገሣል፤ እንዲያውም «ስታይል ነው» ሊል ይችላል። ንግግሩ ካልተሰማ ግን በሁለተኛው ደቂቃ ይዘጋዋል።

ለምን እንደሚበላሽ ደግሞ ክፍል ውስጥ ያስተማርኳችሁን አስታውሱ። የድምፅ ጥንካሬ በርቀት ካሬ ይቀንሳል። ካሜራው ላይ ያለው ማይክ ከተዋናዩ 3 ሜትር ይርቃል እንበል። ማይኩን ግማሽ ሜትር ድረስ ብታስጠጋው ርቀቱ በ6 ያንሳል፣ የሚደርሰው የተዋናዩ ድምፅ በ36 እጥፍ ይጠነክራል። የውጪው የጄኔሬተር ጩኸት ግን ያው ነው፣ አልተጠጋህለትም። ሠላሳ ስድስት እጥፍ! በዓለም ላይ የትኛውም ውድ ካሜራ ይህን አይሰጥህም፤ አንዲት ርካሽ ደረት ላይ የምትሰካ ማይክ ትሰጥሃለች።

ማይኳን ከሁለተኛ ስልክ ጋር ሰክታችሁ ስልኩን ተዋናዩ ኪስ ውስጥ ክተቱት፣ ይቅዳ። ቀረጻ ሲጀመር አንድ ሰው ካሜራው ፊት አንድ ጊዜ ያጨብጭብ፤ ኤዲት ስታደርጉ እጆቹ የገጠሙበትን ሥዕልና የጭብጨባውን ድምፅ ታጋጥማላችሁ። ክፍሉ ካስተጋባ ከካሜራው ጀርባ ጋቢና ብርድ ልብስ ስቀሉ። ፍሪጁን ንቀሉ። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከሆናችሁ የክረምት ቀረጻ ፕሮግራም አታውጡ። ከመቅረጻችሁ በፊት ሁለት ደቂቃ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ክፍሉን አዳምጡ። ይሄ ሁሉ ከአንድ ማይክና ከሁለት ስልክ ውጪ ምንም አይጠይቅም።

መብራት ቀጥሎ ይመጣል። በስልክ ቤት ውስጥ ስትቀርጹ ሥዕሉ ላይ ጥቁር ጥቁር መስመር እየተንሸራተተ የሚያስቸግራችሁ ነገር አለ አይደል? ካሜራው ተበላሽቶ አይደለም። የኛ ሀገር ኤሌክትሪክ 50 ኸርትዝ ነው፤ ብዙ አምፖሎች በሴኮንድ 100 ጊዜ ይደምቃሉ፣ ይፈዝዛሉ። ስልካችሁ ግን በሴኮንድ 30 ፍሬም ይቀርጻል፣ ሸተሩንም እንደፈለገው ይለዋውጣል። ፍሬሙን 25፣ ሸተሩን 1/50 ላይ ቆልፉት፤ እያንዳንዱ ፍሬም ልክ ሁለት ድምቀት ይይዝና መስመሩ ይጠፋል። ይህን የሚያስቆልፍ ብላክማጂክ ካሜራ የሚባል ነጻ አፕ አለ፤ በ2023 እ.ኤ.አ. ለአይፎን፣ በ2024 ለተወሰኑ የአንድሮይድ ስልኮች ወጥቷል። ይህን የሚያስረዳ መስመር አንድ የውድድር ማስታወቂያ ላይ አይቼ አላውቅም። «4ኬ» ግን ሁሉም ላይ አለ።

ፀሐያችንንም እወቋት። ቀትር ላይ አናት ላይ ትቆማለች፤ የሰው ዓይን ጉድጓድ ውስጥ ጥላ ትጥላለች፣ ተዋናዩ ሁሉ የታመመ ይመስላል። ጠዋት እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት ከ10 ሰዓት በኋላ ቅረጹ። በመሐል ያለውን ጊዜ ቤት ውስጥ በመስኮት አጠገብ ተጠቀሙበት፤ መስኮቱ ላይ ነጭ አቡጀዲ ወጥሩ፣ በማዶ በኩል ነጭ ስታይሮፎም አቁሙ። ብርሃኑን ስትለኩ በሰማዩ አይሁን፣ በተዋናዩ ፊት ይሁን። አውቶማቲክ ካሜራ ብሩህ ሰማይ ሲያይ ይደነግጥና የሰውየውን ፊት ያጠቁረዋል፤ ጠየም ያለ ሰው ከሆነማ ጥርሱ ብቻ ነው የሚታየው። ፊቱን ነክታችሁ ቆልፉ። በቃ።

እዚህ ላይ «ግን ቲቸር…» የሚለው ተቃውሞ ይመጣል፤ እሱን ሳልመልስ ማለፍ አልፈልግም። ጠንካራው ተቃውሞ ይሄ ነው፦ «ካሜራው እኮ ሥራ ነው። ሠርግ እየቀረጽኩ ብሩን እመልሳለሁ፣ በጎን ፊልሜን እሠራለሁ።» ይህን የሚለው ልጅ ሰነፍ አይደለም፣ አስቦበታል። ሠርግ የከበረ ሥራ ነው፤ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩበት ተማሪዎች አሉኝ፣ እኮራባቸዋለሁ። ከሆነ ግን ስሙን በስሙ እንጥራው፦ የምትከፍተው የሠርግ ቪዲዮ ቤት ነው። እንደ ንግድ አስላው። ጥርና ሚያዝያ ሥራ ይጎርፋል፤ ጾም ሲገባ ዝም ይላል። ሠርግ የሚውለው ቅዳሜና እሁድ ነው። ተዋናይ የሚሆኑህ ጓደኞችህ ከትምህርትና ከሥራ ነጻ የሚሆኑትስ መቼ ነው? ቅዳሜና እሁድ። ስለዚህ ካሜራህ የሚሠራበት ቀንና ፊልምህ የሚሠራበት ቀን አንድ ነው፤ ሁልጊዜም የሚያሸንፈው የሚከፍልህ ነው። በዚህ መንገድ ገብተው ጥሩ ሠርግ ቀራጭ የሆኑ ብዙ አውቃለሁ። «በጎን» የተባለውን ፊልም የጨረሰ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ዋጋው ይጨምራል፣ አሁን ልግዛ» የሚለው ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በጥቂት ወራት 100ን አልፎ መሄዱን ሁላችንም አይተናል። ካሜራ ደግሞ ሀገር ውስጥ አይመረትም፤ በነጋዴም ይምጣ ከዱባይ በሰው እጅ፣ ዋጋው ከዶላር ጋር ነው የሚሄደው። እኔ ከዚህ የማነበው ግን ተቃራኒውን ነው። ዕቃው በተወደደ ቁጥር የተሳሳተ ግዢ ቅጣቱ ይከብዳል። ድሮ ተሳስቶ የገዛ ልጅ በዓመቱ ይለውጥ ነበር፤ ዛሬ የተሳሳተ ልጅ ሌላ ዙር ዕቁብ መጠበቅ አለበት።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፦ ለመለማመድ ስልክ፣ ለመቅረጽ ኪራይ። አንድ ወር ሙሉ በስልክ ተለማመዱ፤ እያንዳንዱን ሾት በስልክ ቀርጻችሁ፣ ኤዲት አድርጋችሁ፣ የት እንደሚሰለች እዩ። ስክሪፕቱ ሲበስል ካሜራ ለሁለት ቀን ተከራዩ። መታወቂያና ዋስ ይጠየቃል፤ ከሥራ ባልደረባ ወይም ከዘመድ ዋስ ማግኘት ካሜራ ከመግዛት ይቀላል። ሁለት ቀን ብቻ እንዳላችሁ ስታውቁ ደግሞ ሰው ሁሉ በሰዓቱ ይመጣል፣ ሾት ዝርዝሩ ከቀረጻው በፊት ይጻፋል። የራሱ ካሜራ ያለው ልጅ «ነገ እንቀርጸዋለን» ሲል ነው ዓመት የሚያልፈው።

አምስት ሆናችሁ መግዛት ትችላላችሁ እንጂ ለየብቻ አምስት ካሜራ አትግዙ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? አንዱ ማይክና መቅጃ፣ አንዱ ሁለት የኤልኢዲ መብራት፣ አንዱ ጠንካራ ትራይፖድ፣ አንዱ ሃርድ ዲስክ፣ አንዱ ካሜራ ይግዛ። አምስት ካሜራ ያላቸው አምስት ልጆች ፊልም መሥራት አይችሉም። ይሄኛው ቡድን ግን ይችላል። ማን ምን እንደገዛ፣ ከተበላሸ ማን እንደሚያሠራ፣ ቡድኑ ቢፈርስ ማን ምን ይዞ እንደሚወጣ በወረቀት ጻፉና ፈርሙበት። ጓደኝነታችሁን የሚጠብቀው ወረቀቱ ነው።

የግድ ካሜራ መግዛት አለብኝ ላለ ደግሞ፣ ገበያ ሲወጣ እነዚህን ይዞ ይውጣ።

አንደኛ፣ የማይክ ቀዳዳ። ያገለገለ ካሜራ ስትገዙ ሻጩ ስለ ሜጋፒክስል ሲያወራ እናንተ ጎኑን ገልብጣችሁ ቀዳዳውን ፈልጉ። ካኖን 1300ዲ እና 2000ዲ የውጭ ማይክ መሰኪያ የላቸውም፤ ከእነሱ በዕድሜ የሚበልጠው 600ዲ ግን አለው፣ 700ዲም አለው። ሶኒ ኤ6000 የለውም፤ ኤ6300 እና ኤ6400 አላቸው። ዜድቪ ኢ10 ማይክም የጆሮ ማዳመጫም መሰኪያ አለው። ፓናሶኒክ ጂ7 የማይክ መሰኪያ አለው፣ 4ኬም ይቀርጻል። ለፊልም የማይክ ቀዳዳ ያለው አሮጌ ካሜራ ከሌለው አዲስ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ፈትኑት። የሌንሱን ክዳን ዘግታችሁ ጥቂት ሴኮንድ ቅረጹ፤ ጨለማው ውስጥ የሚያበሩ ነጠብጣቦች ካሉ ሴንሰሩ ተጎድቷል። ሃያ ደቂቃ ሳታጠፉ አስቀርጹት፤ ግሎ ከቆመ ተዉት። ባትሪው ካበጠ ተዉት። እንደ 600ዲ ያሉ አሮጌ ካሜራዎች ፉል ኤችዲ ላይ 12 ደቂቃ አካባቢ ሲደርሱ ራሳቸው ያቆማሉ፤ ያ ብልሽት አይደለም፣ የፋይሉ ገደብ ነው። ለፊልም ሾት 12 ደቂቃ ከበቂ በላይ ነው።

ሦስተኛ፣ ሌንስ። ሁሉም «50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ግዛ፣ ጀርባው ይደበዝዝልሃል» ይላችኋል። ሌንሱ ጥሩ ነው፣ ርካሽም ነው። ግን በእነዚህ አነስተኛ ሴንሰር ባላቸው የካኖን ካሜራዎች ላይ እንደ 80 ሚሊሜትር ነው የሚሆነው። አራት በአራት የሆነች ክፍል ውስጥ ሁለት ሰው ለማስገባት ከግድግዳው ማዶ መቆም ሊኖርባችሁ ነው። ከካሜራው ጋር የሚመጣው 18-55 ሰፊውን ሾት ይሠራላችኋል፤ እሱን ንቃችሁ አትሽጡት።

አራተኛ፣ ባትሪ። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ባትሪው በየሱቁ የማይገኝ ካሜራ አትግዙ። ሁለት ትርፍ ባትሪ ከአንድ ትርፍ ሌንስ ይበልጣል።

አምስተኛ፣ ለካሜራው አካል ካላችሁ ብር ከግማሽ በላይ አታውጡ። ከግማሽ በላይ ከጠየቀ እሱ የናንተ ካሜራ አይደለም፤ ወደ ቀጣዩ ርካሽ ውረዱ።

ይህን ሁሉ ስል «ድሆች ስለሆንን በትንሽ እንጽናና» እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ትንሽ ነገር ይዞ ትልቅ መሥራት የሲኒማ ታሪክ ነው። ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ»ን በ16 ሚሊሜትር፣ በጥቁርና ነጭ ነው የቀረጹት። የዚያን ዘመን «ፕሮፌሽናል» መለኪያ 35 ሚሊሜትር ነበር። የ16 ሚሊሜትር ፊልም አንዱ ባለ 400 ጫማ ጥቅል 11 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው፤ እንደኛ «ደግሞ ይቀረጽ፣ ደግሞ ይቀረጽ» የለም። ፊልሙ በ1976 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ እስካሁን ስለ ገበሬውና ስለ ባላባቱ ሲነሣ የሚጠቀስ ሥራ ነው። ጄሲካ በሽር ፋያ ዳዪን ሐረር ላይ እየተመላለሰች በራሷ ካሜራ ስትቀርጽ አሥር ዓመት ገደማ ፈጅቶባታል፤ እሱም ጥቁርና ነጭ ነው፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ሰንዳንስ ደረሰ። ኡጋንዳ ካምፓላ ዳር ባለ ሰፈር ውስጥ «ካፒቴን አሌክስን ማን ገደለው» የተባለው የአክሽን ፊልም ከ200 ዶላር ባነሰ ወጪ እንደተሠራ ይነገራል፤ ዛሬ ዓለም ሁሉ ያየዋል። የራሳችን የአማርኛ ፊልም ሕዝብ ያሰለፈው በሴሉሎይድ ሳይሆን በቪዲዮ ካሜራ የተቀረጸ ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜም «ይሄ ፊልም አይደለም፣ ቪዲዮ ነው» ያሉ ነበሩ። ሕዝቡ አልሰማቸውም።

እንግዲህ ለውድድር አዘጋጆች የምለው አለኝ። የካሜራ መስፈርታችሁን ሰርዙት። ያ መስመር ጥራት አያመጣም፤ የሚያጣራው ሀብታም ቤተሰብ ያለውንና የሌለውን ነው። በምትኩ አንድ ነገር ጻፉ፦ «ንግግሩ በግልጽ የማይሰማ ፊልም አንቀበልም።» ይሄ መስፈርት ለአዲስ አበባ ልጅም ለወረዳ ልጅም እኩል ነው፤ ለማሟላት የሚያስፈልገው ጥንቃቄና ርካሽ ማይክ ነው። የመሣሪያ ስፖንሰር ካላችሁ ደግሞ ለአንደኛ ወጪ ብቻ ካሜራ ከምትሸልሙ፣ ለአሥር ቡድን ማይክ ስጡና ውድድሩን ከዚያ ጀምሩ።

ለካሜራ ሪቪው ሠሪዎችና ለኮርስ ሻጮችም፦ ዳቦ እንደምትበሉበት አውቃለሁ፣ አልቀናም። ግን በየቪዲዮው «ይህን ካልያዝክ ወደ ኋላ ቀርተሃል» የምትሉት ልጅ ኪሱ ውስጥ ያለው የእናቱ ብር ነው። የኮርሳችሁ የመጀመሪያ ሳምንት ስለ ድምፅ ይሁን፤ ካሜራው አራተኛው ሳምንት ላይ ይድረስ።

ለናንተ ለተማሪዎቼ ደግሞ እንደለመድነው የቤት ሥራ አለ። ሦስት ደቂቃ ፊልም፣ አንድ ክፍል፣ ሁለት ሰው። አንደኛው የሚፈልገው ነገር ሌላኛው እጅ ላይ ነው፤ ምን እንደሆነ እናንተ ወስኑ። ባላችሁ ስልክ፣ በ25 ፍሬም፣ በመስኮት ብርሃን። ድምፁ በሁለተኛ ስልክ፣ ከአፍ ግማሽ ሜትር ባልራቀ ማይክ። ካሜራ መግዛት ክልክል ነው፤ መከራየትም ለዚህኛው ክልክል ነው። ጊዜው ሁለት ሳምንት።

ሲያልቅ ሊንኩን እዚሁ ኮመንት ላይ አስቀምጡት። ሁሉንም አያለሁ፣ ለእያንዳንዱም እጽፋለሁ። የማየው በጆሮ ማዳመጫ ነው፤ እያወቃችሁ ሥሩ።